ያውቁ ኖሯል? ደጋው ቱርቦንም ይፈትናል

አምበርን ጨምሮ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደጀንን አልፎ እዚህ የደረሰ ሞተር የሚስበው አየር በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ባለ ካርቡሬተሩ አሮጌ መኪና ደግሞ ነዳጁን ከአየሩ ጋር ስለማይመጥን ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ይተፋል።

«ቱርቦ ካለው ምን ቸገረው?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ ግን ግማሹን ነው። የአየሩን ግፊት 2 ባር ለማድረስ በባሕር ጠለል ሁለት እጥፍ ማመቅ ይበቃል፤ እዚህ ግን መነሻው 0.75 ባር ገደማ ስለሆነ ወደ 2.7 እጥፍ ይጠይቃል። ቱርቦው አብዝቶ ይሽከረከራል፣ የታመቀውም አየር ይበልጥ ይግላል። ያኔ ቤንዚኑ በራሱ ተቀጣጥሎ ሞተሩን ሊያንኳኳ፣ ሲብስም ፒስተን ሊበሳ ይችላል። «የመኪናው ኮምፒውተር ራሱ ያስተካክለዋል» ቢባልም፣ የሚያስተካክለው ሴንሰሩ የነገረውን፣ ያውም ፕሮግራሙ በፈቀደለት ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ የቱርቦውን ግፊት ከመጨመርዎ በፊት የነዳጁን መጠንና የካንዴላውን እሳት ሰዓት እዚሁ ደጋው ላይ ያስለኩ።