ጎማው ሲተልቅ ገቢው እንዳያንስ

የመኪናዎ ጎማ አልቆ ጎማ ቤት ሲገቡ ሻጩ መኪናዎን ዞር ዞር ብሎ ያይና «ለምን አንድ ደረጃ ተለቅ ያለ አናስገባም? የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው፤ መኪናውም ግርማ ያገኛል» ይልዎ ይሆናል። ሐሳቡ ደስ ይላል። እዚህ ስካይዌይ በሬንተን አቬኑ ሳውዝ ላይ ቆመው የሚያልፉትን ኤስ.ዩ.ቪ. መኪኖች ቢመለከቱ፣ ከፋብሪካ ከወጡበት የተለቀ ጎማ የገባላቸው አይጠፉም። አገር ቤት ሳለንም ባለ ትልቅ ጎማ ላንድክሩዘር ሲያልፍ ዘወር ብለን ያላየን ጥቂቶች ነን።

መኪናው ለመዝናኛ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የግል ምርጫ ነው። መኪናው እንጀራዎ ከሆነ ግን፣ ማለትም ታክሲ የሚሠሩበት ወይም ለሱቅዎ ዕቃ የሚያመላልሱበት ከሆነ፣ የጎማው መጠን የሒሳብ ጉዳይ ይሆናል። በዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ ሒሳብ አብረን እንሠራለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጎማው ጎን የተጻፈው ምን ማለት ነው?

ቤንዚን ቆጣቢ ነው ተብሎ ብዙ ሰው የሚነዳውን ቶዮታ ራቭ-4 ለምሳሌ እንውሰድ። ከፋብሪካ ይዞት ከሚወጣው ጎማ አንዱ 225/65 አር 17 ነው። 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ደግሞ የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይናገራል። 17 የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። ሲደመር ጎማው ከላይ እስከ ታች 724 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል።

አሁን በዚያው ቸርኬ ላይ 245/65 አር 17 አስገቡ እንበል። ቁመቱ ወደ 750 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ 26 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመቶኛ 3.6 ገደማ። መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው የዚህን ግማሽ ብቻ ነው፤ ይኸውም 13 ሚሊ ሜትር። የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ሜትሩ የሚቆጥረው ዙር ነው

ከመኪናው ጋር በሽቦ የተያያዘ የታክሲ ሜትር መንገዱን አያይም። የሚያውቀው የመኪናው ተሽከርካሪ ክፍል ስንት ጊዜ እንደዞረ ነው። ያንን ዙር በማይል መንዝሮ ሒሳብ ያወጣል። የመኪናው የራሱ የፍጥነትና የማይል መቁጠሪያም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

የፋብሪካው ጎማ አንድ ማይል ለመጨረስ በግምት 707 ጊዜ ይዞራል። ትልቁ ግን 683 ዙር ገደማ ይበቃዋል። ሜትሩ ስለ ጎማው መቀየር የነገረው የለምና ማይሉ ገና አልሞላም ብሎ ይጠብቃል። ውጤቱም እርስዎ 100 ማይል ሲነዱ ሜትሩ 96 ማይል ተኩል ብቻ ይቆጥራል።

ይህ በገንዘብ ምን ያህል ነው? ለስሌት እንዲመች የአንድ ማይል ዋጋ 3 ዶላር ነው እንበል። ሰው ጭነው በቀን 100 ማይል ቢሄዱ ሦስት ማይል ተኩል ያህል ሳይቆጠር ይቀራል። ያም በቀን 10 ዶላር ከ40 ሳንቲም ገደማ ነው። በዓመት 300 ቀን ከሠሩ ከ3,100 ዶላር በላይ ይሆናል። የአራቱም ጎማዎች ዋጋ ተከፍሎበት ገና የሚተርፍ ገንዘብ ነው። ክፋቱ ደግሞ ኪሳራው አለመታየቱ ነው፤ በየጉዞው የሚጎድለው ጥቂት ሳንቲም ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

የእርስዎ ሜትር በሳተላይት የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም ሒሳቡን የሚያወጣው ስልክዎ ከሆነ፣ ይህኛው ጉዳት አይነካዎትም። ከዚህ በታች ያሉት ግን ይነኩዎታል።

ሕጉ የሚጠብቀው ተሳፋሪውን ነው

«ሜትሩ ከተሳሳተ ተቆጣጣሪው ይይዘው የለም ወይ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ዋሽንግተንን ጨምሮ ግዛቶች ለመስፈሪያ መሣሪያዎች የሚከተሉት የፌዴራሉ መመሪያ ቁጥር 44 ለታክሲ ሜትር ሁለት የተለያየ ወሰን አስቀምጧል። ሜትሩ በተሳፋሪው ላይ አብዝቶ ሲቆጥር የሚፈቀደው ስሕተት 1 በመቶ ብቻ ነው። አሳንሶ ሲቆጥር ግን እስከ 4 በመቶ ይታለፋል።

የእኛ ምሳሌ የሚያጎድለው ሦስት ተኩል በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ፈተናውን ያልፋሉ፤ እየከሰሩ ያልፋሉ ማለት ነው። ሕጉ የቆመው ለተሳፋሪው ኪስ ነው፤ የራስዎን ኪስ የሚጠብቁት ራስዎ ነዎት።

አደጋው በተቃራኒው በኩልም አለ። ሜትሩን በትልቁ ጎማ ልክ አስተካክለው ካሳሸጉ በኋላ፣ ክረምት ሲመጣ በጓዳ ያስቀመጡትን የፋብሪካ መጠን ጎማ ቢመልሱ፣ ሜትሩ 3.6 በመቶ ገደማ አብዝቶ ያስከፍላል። ይህ ከ1 በመቶው ወሰን በጣም ያለፈ ነው። ሰው ለማታለል ባያስቡም ጥፋቱ የእርስዎ ይሆናል። ማኅተሙን ሰብሮ በራስ እጅ ማስተካከልም ሌላ ጥፋት ነው። የጎማው መጠን በተቀየረ ቁጥር ሜትሩን ፈቃድ ያለው ባለሙያ አስተካክሎ እንደገና መታሸግ አለበት። ስካይዌይ የራሷ ማዘጋጃ ቤት የላትም፤ በቀጥታ የምትተዳደረው በኪንግ ካውንቲ ነው። የታክሲ ፈቃድ ጉዳይዎም የሚያመራው ወደ ካውንቲው ነው።

የማይል መዝገብና ግብር

ታክሲ ለማይነዳው ባለ ሱቅም ይህ ክፍል ይመለከተዋል። የመኪና ወጪያቸውን በማይል የሚያሰሉ ሰዎች በ2025 ለእያንዳንዱ የሥራ ማይል 70 ሳንቲም እንዲቀንሱ አይ.አር.ኤስ. ፈቅዶላቸዋል። በዓመት 40,000 ማይል ለሥራ የሚነዳ ሰው በትልቁ ጎማ ቢነዳ መቁጠሪያው 38,600 ያህል ብቻ ያሳየዋል። የጎደለው 1,390 ማይል ገደማ በ70 ሳንቲም ሲባዛ 970 ዶላር ይሆናል። ይህ በሙሉ ግብር ነው ማለት አይደለም፤ ከገቢዎ ላይ ሊቀነስልዎ ሲገባ የቀረ ወጪ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጎማ የቀየሩበትን ቀንና በዚያ ቀን የነበረውን የማይል ቁጥር ይጻፉ፤ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። ከዚያ በአይ-90 ወይም በአይ-5 ዳር ላይ የተተከሉትን የማይል ምልክቶች እየተከተሉ 10 ማይል ይንዱና መኪናዎ ስንት እንደቆጠረ ይመዝግቡ። ልዩነቱን ለሒሳብ ሠራተኛዎ ያሳዩ። በልብ ገምቶ ማይል መጨመር ግን አይገባም፤ ያለ ማስረጃ የተጨመረ ቁጥር በምርመራ ጊዜ ሌላውን እውነተኛ መዝገብዎን ያስጠረጥራል።

ፍጥነትና የኢሚግሬሽን ፋይል

በምሳሌያችን መኪናው 60 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 62 ያህል ነው። ይህ ብዙም አያሠጋም። ነገር ግን ጎማው 10 በመቶ ከተለቀ 60 የሚያሳየው መኪና በእውነቱ 66 ይሄዳል። ፖሊሱ የሚያየው የራሱን መሣሪያ እንጂ የእርስዎን ሰዓት አይደለም። «መኪናዬ 60 ነበር የሚለው» ማለትም ብዙ አያድንም፤ ጎማውን ያስቀየሩት እርስዎ ነዎትና።

በዋሽንግተን ግዛት ተራ የፍጥነት ቅጣት ወንጀል አይደለም፤ አይደናገጡ። ሆኖም የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ኤን-400 በፖሊስ ስለ መያዝና ስለ መከሰስ የሚጠይቅ ክፍል አለው። የትኛው ቅጣት መጠቀስ እንዳለበት የቅጹን መመሪያ ያንብቡ፤ ከተጠራጠሩ ጠበቃ ይጠይቁ። የከፈሉበትን ደረሰኝም አይጣሉ።

ጎማው አደገ፤ ፍሬኑ አላደገም

ትልቅ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከባድ ነው። ከባዱን ለማዞር ሞተሩ ይበልጥ ይደክማል፤ ቤንዚንም ይጨምራል። ለማቆምም ፍሬኑ የበለጠ ይለፋል። የመኪናው የመጫን አቅም ግን በአንድ ኪሎ እንኳ አይጨምርም። በሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚፈቅደው ክብደት እንዳለ ነው። የሽንኩርትና የጤፍ ጆንያ የሚጭን ባለ ሱቅ ይህን ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ነገር መፋተግ ነው። ባዶ መኪና ቆሞ ሲታይ ጎማው በቦታው የተመቸ ይመስላል። አራት ሰው ከነሻንጣው ሲጫንና መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ግን ጎማው ፓራፋንጎውን ወይም የአሞርዛተሩን አካባቢ ሊነካ ይችላል። በየጊዜው የሚፋተግ ጎማ ጎኑ እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን በፍጥነት መንገድ ላይ ይፈነዳል። ጎማው ወደ ውጭ ከወጣም ሌላ ችግር አለ፤ በግዛቱ ሕግ የጭቃ መከላከያው ቢያንስ የጎማውን ስፋት ያህል መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛው፣ በአራቱም እግር የሚጎተት መኪና ካለዎት አራቱም ጎማዎች እኩል መሆን አለባቸው። ሁለቱን ብቻ ትልቅ ማድረግ ጎማዎቹ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ስለሚያደርግ ዲፈረንሻሉን ይፈጨዋል። የዚያ ጥገና ዋጋ ከጎማው ጋር አይወዳደርም። ስኮርታ ጎማውንም አይርሱ፤ እሱ የቀድሞው መጠን እንደሆነ ነው።

አራተኛው የአየር ግፊት ነው። በ2000 ነሐሴ ወር ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ የሰበሰበበትን ጊዜ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ጎማዎቹ በብዛት የነበሩት ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው ኤስ.ዩ.ቪ. ላይ ነበር። የጎማው ሽፋን እየተገነጠለ፣ መኪናው እየተገለበጠ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ፎርድ ጎማውን ሲወቅስ፣ ፋየርስቶን ደግሞ የመኪናውን አሠራርና ፎርድ ያዘዘውን የ26 ፒ.ኤስ.አይ. ዝቅተኛ ግፊት ወቀሰ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ መሠረት ነው ዛሬ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ያለው የአየር ማነስ ማስጠንቀቂያ መብራት ግዴታ የሆነው። መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ፋብሪካው ካዘዘው በ25 በመቶ ሲያንስ ነው፤ ያም የታዘዘው ለፋብሪካው ጎማ ነው። ስለዚህ ለአዲሱ ጎማ የሚስማማውን ግፊት ከጎማው ባለሙያ በጽሑፍ ይቀበሉ። በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም።

«በረዶ ስላለ ነው» ለሚሉ

ወደ ስፖኬን ወይም ወደ ያኪማ ለመሄድ ስኖኳልሚ ፓስን የሚያቋርጡ አንባቢዎች ትልቅ ጎማ የሚፈልጉት ለበረዶ እንደሆነ ይናገራሉ። ለበረዶ የሚጠቅመው የጎማው ዓይነት ነው፤ መጠኑ አይደለም። በዚያው በፋብሪካው መጠን፣ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን ጎማ ይግዙ። ሰንሰለት ግዴታ በሚሆንበት ጊዜ በአራት እግር የሚጎተት መኪና እንኳ ባያስረው ሰንሰለት ይዞ መገኘት አለበት። ትልቅ ጎማ ደግሞ ለሰንሰለቱ የሚሆነውን ክፍተት ይወስድበታል።

ዋስትናና ኢንሹራንስ

ጎማ በመቀየርዎ ብቻ የመኪናው ዋስትና ሙሉ በሙሉ አይሰረዝም። ማግኑሰን-ሞስ የተባለው የ1975 ሕግ፣ ሻጩ ዋስትናውን ለመከልከል ብልሽቱ ከተጨመረው ዕቃ የመጣ መሆኑን እንዲያሳይ ያስገድዳል። የተሰበረው ካምቢዮ ወይም ዲፈረንሻል ከሆነ ግን ይህን ማሳየት አይከብደውም። ለኢንሹራንስ ኩባንያዎም ለውጡን አስቀድመው በጽሑፍ ያስታውቁ፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚነገር ነገር ጥርጣሬ ያመጣል።

ከመወሰንዎ በፊት

1. በበሩ ማዕቀፍ ላይ ያለውን የጎማ መጠንና ግፊት ፎቶ አንስተው ይያዙ።
2. አዲሱ ጎማ የሚሸከመው ክብደት ከቀድሞው እንዳያንስ ያረጋግጡ። ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር ይህን ይነግርዎታል፤ ለምሳሌ 100 ማለት አንዱ ጎማ 800 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው።
3. ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ይዩ። 2324 ከሆነ በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። «አዲስ» እየተባለ ያረጀ ጎማ እንዳይሸጥልዎ።
4. ክፍያ ሳይጨርሱ ሰው አስጭነው መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻ ያዙሩ።
5. ሜትር ካለዎት ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ያስተካክሉና ያሳሽጉ።

ጎማ ቤቱ የሚሸጠው ጎማ ነው፤ የእርስዎን የቀን ገቢ አያውቅም። አባቶቻችን «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ጎማው ካለቀ በዚያው መጠን ደህናውን ይግዙ። ይተልቅ ካሉም ከነሒሳቡ ይተልቅ፤ በየማይሉ የሚጎድለው የልጆችዎ ነውና።

መልካም ጉዞ፣ መልካም ገበያ።