ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ ረዳት ስለ መፈለግ

መጠጥ የጸናበት ሰው ወይም ቤተ ዘመዱ «ወዴት እንሂድ? ለማንስ እንንገር?» ብለው በሚጨነቁበት ጊዜ ረዳቱ እንዴት እንደሚመረጥ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን፡፡ ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን የአንድ ጓደኛችን አጎት ታሪክ ነው፡፡ እኚህ ሰው ብዙ ዓመት ከማለዳ ጀምረው አረቄ ይጠጡ ነበር፡፡ በመጨረሻ ዘመድ መክሮ፥ እሳቸውም ምለው ወደ ጠበል ሄዱ፤ ከዚያን ቀንም አንሥቶ አንዲት ጠብታ አልቀመሱም፡፡ በሁለተኛው ሌሊት ግን አንዘፍዝፎ ጣላቸው፡፡ አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ጋኔኑ ሊለቃቸው ነው አሉ፡፡ ጓደኛችን መኪና ለምኖ ሐኪም ቤት አደረሳቸውና ዳኑ፡፡

ምክንያቱ እንዲህ ነው፡፡ አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፡፡ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው አንጎል ድንዛዜውን ለመቋቋም ሲል ራሱን ያነቃቃል፤ መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ይህ መነቃቃት ልጓም ያጣል፡፡ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ እጅ ይንቀጠቀጣል፥ ላብ ያጠምቃል፥ እንቅልፍ ይጠፋል፡፡ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፡፡ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዶቹ የሌለ ነገር እያዩ ይቃዣሉ፤ ሳይታከሙ ቢቀሩ ሊሞቱ ይችላሉ፡፡ ሐኪሞች ይህን አደጋ እንደ ዲያዜፓም ባለ መድኃኒት ይከላከሉታል፤ ቲያሚን የተባለውንም ቫይታሚን ይሰጣሉ፡፡ ጫት የተወ ሰው ሐራራው፥ መጫጫኑና የሌሊቱ ዱካክ ያስቸግረዋል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አያገኘውም፡፡ (ከጫት በኋላ ለጨብሲ የሚጠጣው ግን ከጠጪዎቹ ወገን ይቆጠር፡፡)

እንግዲህ ደህና ረዳት በመጀመሪያው ጥያቄው ይታወቃል፡፡ ስንት ትጠጣለህ፥ በመጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው፥ ጠዋት ለአንጎበር ማብረጃ ትቀምሳለህ ወይ፥ ከዚህ ቀደም ስታቆም አንቀጥቅጦህ ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል፡፡ ይህን ሳይጠይቅ በ10 ቀን አድንሃለሁ ብሎ ዋጋ የሚናገረውን ትቶ መሄድ ይሻላል፡፡ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በክፍለ ሀገርም በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና የተማሩ ነርሶች ይገኛሉ፡፡ ሰው የሚፈራው መንገዱን ሳይሆን «አማኑኤል ገባ» መባልን ነው፡፡ ስለዚህ ምሥጢር መጠበቁን አስቀድሞ መጠየቅ አያሳፍርም፡፡ ለንስሐ አባቱ የሚናገር ሰው ይህን ልማድ አስቀድሞ ያውቀዋል፡፡

ሰውነቱ ከተረጋጋ በኋላ የንግግሩ ሥራ ይጀመራል፤ እኛ አገር ብዙ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ይመስለናል፡፡ ሽማግሌ ይሰበሰባል፥ ሰውዬውን ይገሥጻል፥ እርሱም አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል፡፡ ዊልያም ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1983 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው ጽሑፍ ሌላ መንገድ አሳየ፡፡ አማካሪው «ተው» ብሎ ሲሟገት ጠጪው ለመጠጡ ጠበቃ ይሆናል፤ ስለዚህ የመተዉን ምክንያት ራሱ ጠጪው እንዲናገር በጥያቄ መምራት ይገባል፡፡ «ልጆችህን አስበህ ተው» በማለት ፈንታ «ማታ ስትገባ ልጆችህ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ዝም ማለት ነው፡፡ ዝምታው ከባድ ነው፤ እኛም እርስ በርሳችን ሞክረነው አንድ ደቂቃ እንኳ አልቻልንም፡፡

የጓደኛችን አጎት ዛሬ በየ15 ቀኑ አንዲት ነርስ ዘንድ ይሄዳሉ፡፡ ጠበሉንም አልተዉም፤ እርሷም ተዉ አላለቻቸውም፥ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ ብቻ አስጠነቀቀቻቸው፡፡ ባለፈው ጥምቀት ከዘመድ ቤት ጠላ ጠጥተው በማግስቱ ራሳቸው ሄደው ነገሩዋት፡፡ ቁጣ ጠብቀው ነበር፡፡ እርሷ ግን «ስንት ጣሳ ነበር አባባ? ዛሬስ እጅዎ ይንቀጠቀጣል?» ብላ ወንበር አቀረበችላቸው፡፡