ከእንጨት ወደ ላሜራ፤ የአውቶሞቢልና የባቡር አካል እንዴት ብረት ሆነ?

ነገ ጧት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትሄዱ የምትሳፈሩበትን አውቶሞቢል ጣራ በጣታችሁ አንኳኩት። የሚመልስላችሁ ድምፅ የብረት ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ ግን ከአውቶሞቢል ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የአውቶሞቢል ሞተር ብረት ሲሆን አካሉ በአብዛኛው እንጨት ነበር። ሠሪዎቹ የፈረስ ሠረገላ ሲሠሩ የኖሩ ባለ እጆች ነበሩና የለመዱትን ሠሩ፤ አጥንቱን በእንጨት አዋቅረው ላዩን በስስ ሣንቃ ወይም በላሜራ ያለብሱት ነበር። ከሁሉም የሚያታክተው የቀለሙ ነገር ነው። እንጨት የምድጃ ሙቀት ስለማይችል፥ አንዱ ቀለም እስኪደርቅ ሌላውን በመጠበቅ ሳምንታት ያልፉ ነበር።

ይህን ልማድ ከሰበሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሚስተር ኤድዋርድ ባድ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሚስተር ባድ በ1870 ተወልደው፥ በወጣትነታቸው የብረት ሥራ ተምረው፥ ለባቡር ፉርጎዎች ከተጫነ ላሜራ ዕቃ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ሠርተዋል። ለፉርጎ የሚሆነው ላሜራ ለአውቶሞቢል የማይሆንበት ምክንያት ስላልታያቸው፥ በ1912 በፊላደልፊያ ከተማ የራሳቸውን ፋብሪካ አቋቋሙ። የመጀመሪያው ትልቅ የላሜራ መጫኛ መኪና ከቤቱ ውስጥ አልገባ ስላለ፥ ድንኳን ተተክሎለት እዚያ ሥራ እንደ ጀመረ ይነገራል። አብረዋቸው የነበሩት መሐንዲስ የኦስትሪያ ተወላጅ ዮሴፍ ሌድቪንካ ናቸው።

በ1914 ዶጅ የተባሉት ወንድማማቾች 5,000 የብረት አካል አዘዙ። የብረቱ አካል በእሳት አደጋና በግጭት ከእንጨቱ የተሻለ ነው፤ የፋብሪካ ባለቤቶችን የማረከው ግን ይልቁንም ቀለሙ ነው። አካሉ ሁለንተናው ብረት ከሆነ ቀለሙ በምድጃ ይጋገራል፤ የሳምንታቱም ሥራ በሰዓታት ያልቃል።

ነገር ግን ይህ ሥራ አንድ ትልቅ ዕዳ አለው። ላሜራውን ቅርጽ የሚያስይዘው ፎርማ እጅግ ውድ ነው። መቶ አካል ብቻ ለሚሠራ ሰው ኪሣራ ሲሆን፥ መቶ ሺሕ ለሚሠራ ግን ወጪው ተከፋፍሎ ቀላል ይሆናል። የሠረገላ ሠሪዎቹ ትንንሽ ቤቶች አንድ በአንድ የተዘጉት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ የእጃቸው ጥበብ ስለ ጐደለ አይደለም። ትልልቆቹም ቢሆኑ አልዳኑም። የፈረንሳዩ እንድሬ ሲትሮኤን የባድን ዘዴ በፈቃድ ገዝተው በ1924 የብረት አካል ያለው አውቶሞቢል አወጡ፤ ዐሥር ዓመት ቆይተው ደግሞ ያለ ሻንሲ፥ አካሉ ራሱ ሸክሙን የሚችለውን አዲስ አውቶሞቢል ሲያዘጋጁ ወጪው በዕዳ ላይ ዕዳ ጨመረባቸው። ድርጅቱ በ1934 መጨረሻ ከስሮ ወደ ሚሽሊን እጅ ገባ፤ ሲትሮኤንም በ1935 ሞቱ። አውቶሞቢሉ ግን ከእርሳቸው በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ሲሸጥ ኖረ።

አሁን ወደ ባቡሩ እንመለስ። በዚያው ጊዜ የአሜሪካ የመንገደኛ ፉርጎ ከእንጨት ወደ ብረት ተለውጦ ነበር፤ ሆኖም እጅግ ከባድ ሆነ። ሚስተር ባድ ያሰቡት ክሮሚየምና ኒኬል የተቀላቀለበትን የማይዝግ ብረት ነው፤ ጠንካራ ስለ ሆነ ስስ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ችግሩ መገጣጠሚያው ላይ ነበር። ይህ ብረት ሲበየድ ለረዥም ጊዜ ከጋለ፥ በውስጡ ያለው ካርቦን ክሮሚየሙን ይስብና በብየዳው ዳርና ዳር ያለው ክፍል አለመዛጉን ያጣል። ታዲያ በስፌቱ የሚዝግ «የማይዝግ» ብረት ምን ይጠቅማል? መልሱን ያገኙት የፋብሪካው መሐንዲስ ኤርል ራግስዴል ናቸው። ሁለቱን ላሜራ በሁለት የመዳብ ጫፎች መካከል አጥብቀው ይዘው፥ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ከሴኮንድ እጅግ ላነሰ ቅጽበት ይለቁበታል። ላሜራዎቹ በተነካኩበት ነጥብ ቀልጠው ይያያዛሉ፤ ክሮሚየሙ ሊለይ ጊዜ አያገኝም። ለዚህም ፈጠራ በ1934 የባለቤትነት መብት ተሰጣቸው።

በዚያው ዓመት ግንቦት 26 ቀን ዘፊር የተባለው ባለ ሦስት ፉርጎ የባድ ባቡር ከዴንቨር እስከ ቺካጎ 1,633 ኪሎሜትር ሳይቆም በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ሄደ። ባቡሩ በሙሉ ክብደቱ ከ100 ቶን በታች ነበር። ባቡሩን ያዘዙት የምድር ባቡር ኩባንያው ፕሬዚዳንት ስማቸው ራልፍ ባድ ይባላል፤ ከፋብሪካው ባለቤት ጋር በስም ተገጣጠሙ እንጂ የቅርብ ዘመዶች አይደሉም። ከተሳፋሪዎቹም መካከል አንድ አህያ እንደ ነበረ ታሪኩ ይመሰክራል።

ሚስተር ባድ በ1946 ሞቱ። ፋብሪካቸው ከሞታቸው በኋላ ለካናዳ ባቡር በ1950ዎቹ የሠራቸው ፉርጎዎች ዛሬም መንገደኛ ይጭናሉ። የባቡሩ ገበያ ግን በአውሮፕላንና በአውቶሞቢል ምክንያት እየቀነሰ ሄደ፤ ከላሜራ ተጭኖ በርካሽ የወጣው አውቶሞቢል የባቡሩን ተሳፋሪ ወሰደ። በ1978 ድርጅቱን ቲሰን የተባለው የጀርመን ኩባንያ ገዛው፤ የፉርጎው ሥራም በ1987 ቆመ። ዘፊር ዛሬ በቺካጎ ቤተ መዘክር ይገኛል።