በቀን አንድ ዘፈን፦ የእጅጋየሁ ሽባባውን ሥራ በተራ ስለ ማዳመጥ

ዘፈን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ዘፈን ያዳመጠ ግን ጥቂት ነው። በታክሲ፣ በሻይ ቤት፣ በሠርግ ድንኳን፣ በጎረቤት መስኮት በኩል የሚመጣው ዜማ ሳያንኳኳ ገብቶ ሳይሰናበት ይወጣል። ዜማውን እናንጐራጕራለን፤ ቃሉን ብንጠየቅ ግን ከአዝማቹ በቀር የምንመልሰው የለንም። ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ሊያሳስበን ይገባል። በክፍል ውስጥ የአንድ የውጭ አገር ባለቅኔን አሥራ አራት ስንኝ ስንተነትን ሁለት ሰዓት እንቀመጣለን፤ የራሳችን ባለግጥም በራሳችን ቋንቋ የምትለውን ግን ሽንኩርት እየመረጥን እንሰማለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው አንድ ቀላል ልማድ ነው፤ ይኸውም ከአንድ የግጥምና የዜማ ደራሲ ሥራዎች በየቀኑ አንድ፣ እርሱንም በወጣበት ቅደም ተከተል ማዳመጥ ነው። ልማዱን የጀመርነው ከኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች እየተመላለስን ስድስት ኪሎ የምንማር አራት ተማሪዎች ነን። መንገዱን የሚያውቅ አንባቢ ምክንያታችንን ለመረዳት አይቸገርም። ከአቃቂ ቃሊቲ ጫፍ ተነሥቶ ከተማውን ከደቡብ እስከ ሰሜን ማቋረጥ፣ በየሰልፉ መቆም፣ መኪና መለዋወጥ በደርሶ መልስ ከቀናችን ብዙውን ይወስዳል። መንገዱ ጊዜያችንን መብላቱ ካልቀረ፣ ከተበላው ላይ ጥቂት እናስመልስ ብለን ተስማማን።

ነገሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት እንደ ነበረ የሚነገርለት የቅዱስ ያሬድ ድጓ የተሰደረው የዓመቱን በዓላትና ሳምንታት ተከትሎ ነው፤ ቀኑ የራሱ ዜማ አለው፤ ዜማውም ቀኑን ይጠብቃል። የዜማ ቤት ተማሪም የዛሬውን ሳያጸና ወደ ነገው አያልፍም። በዘፈኑም በኩል ቢሆን የወላጆቻችንና የአያቶቻችን ዘመን ከእኛ ይልቅ ለትዕግሥት የተመቸ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 የሠራው የአምኃ እሸቴ አሳታሚ ድርጅት፣ አምኃ ሬከርድስ፣ 103 ያህል ትንንሽ ሸክላዎችን አውጥቷል። ሸክላ የገዛ ሰው በአንዱ ፊት አንድ፣ በሌላው ፊት አንድ ዘፈን ያገኛል፤ ሌላ ሸክላ እስኪገዛ ድረስ እነዚያን ሁለቱን ደጋግሞ ከመስማት በቀር ምርጫ የለውም። ካሴት ሲመጣ ዘፈኑ በዛ፤ ቢሆንም ካሴት ቅደም ተከተል ነበረው፤ ወደ ኋላ ለመመለስ የፈለገ በእስክሪብቶ ማጠንጠን ነበረበት። ዛሬ በስልካችን ውስጥ ሺህ ዘፈን አለ፤ አንዱ ሳያልቅ ጣታችን ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ቀድሞ ዕቃው በግድ ያስለምድ የነበረውን ትዕግሥት ዛሬ በፈቃዳችን ደንብ አድርገን ማበጀት ይኖርብናል።

ለሙከራው የመረጥናት እጅጋየሁ ሽባባውን፣ አድማጭ ሁሉ ጂጂ የሚላትን ነው። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1974 በጎጃም፣ ቻግኒ ነው። በልጅነቷ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ቤታቸው ይመጡ ከነበሩ ካህን እንደ ተማረች ተናግራለች። ኋላም ጥቂት ዓመታት በኬንያ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ገደማ ወደ አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻገረች። በዓለም አደባባይ ስሟን ያስጠራው በራሷ መጠሪያ «ጂጂ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አልበም ነው። ያሳተመው የቦብ ማርሌን ሥራ ለዓለም ያደረሰው ክሪስ ብላክዌል፣ ያቀናበረው ቢል ላስዌል ሲሆን፣ እነ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ የመሳሰሉ ታላላቅ የጃዝ ሰዎች ተጫውተውበታል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 «ዛየን ሩትስ»፣ በ2006 «ጎልድ ኤንድ ዋክስ»፣ በ2010 «ምስጋና ኢትዮጵያ» ተከታትለው ወጥተዋል። በቀን አንድ ቢባል ሁሉም ከአንድ የትምህርት መንፈቅ ባነሰ ጊዜ ይዳረሳል።

ደንባችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዘፈኑ በቀን ሦስት ጊዜ ይሰማል፤ ጠዋት በመንገድ ላይ ያለ ወረቀት፣ ቀትር ላይ በደብተርና በእርሳስ፣ ማታ ወደ ቤት ስንመለስ እንደገና ያለ ወረቀት። ሁለተኛ፣ ቀትር ላይ እያንዳንዳችን የሰማነውን ቃል ለየብቻ እንጽፋለን፤ ከዚያም እናስተያያለን። አራታችን አንድ ስንኝ በአራት መንገድ የጻፍንበት ቀን ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ ስለ ዘፈኑ አራት ጥያቄዎች ይመለሳሉ፦ የሚናገረው ማን ነው? የሚናገረው ለማን ነው? ቤት የሚመታው የት ላይ ነው? ቅኝቱስ ምንድን ነው?

ስለ ቅኝት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። የዘፈናችን ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ለምሳሌ ዋነኛው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይላል። የሙዚቃ ትምህርት የሌለው ሰው እነዚህን አምስት ድምፆች ደጋግሞ ቢያንጐራጕርና ዘፈኑ ትንፋሹን የሚያሳርፍበትን ድምፅ ቢፈልግ፣ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ጆሮው መለየት ይጀምራል። እኛም የለመድነው እንዲሁ ነው።

አሁን ጥቅሙን በምሳሌ እናስረዳ። በአማርኛ ግጥም ሰምና ወርቅ የሚባለው ከአንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ነው፤ አንጥረኛው የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራና በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁ በቦታው ይፈሳል። በንግግርም እንዲሁ ነው። «ሳንጠራ ገብተን በላን ማሩን» ብንል፣ በመጀመሪያ የሚሰማው ያልተጋበዘ እንግዳ የሰው ማር መብላቱ ነው። «በላን» ከሚለው ላይ ትንፋሽ ብንወስድ ግን «ማሩን» ይቅርታ መለመኛ ይሆናል። ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጓሜውን የለወጠው ዕረፍቱ ነው። በዘፈን ውስጥ ደግሞ ዕረፍቱን የምትወስነው ዘፋኟ ናት፤ ስለዚህ ትንፋሿን የት እንደምትወስድ ያላስተዋለ ሰው ማሩን ቀምሶ ይቅርታውን ሳይሰማ ይቀራል። አንድን ዘፈን በቀን ሦስት ጊዜ የምንሰማበት ምክንያት ይህ ነው። «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» የሚለው የአልበም ስም ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። እኛ ሰምና ወርቅ ስንል እርሷ ወርቁን አስቀድማለች። ሰሙን ሳናልፍ ወርቁን አስቀድመን እንድንሻ የጠየቀችን መስሎን አንድ ቀን ሙሉ ስንከራከር ውለናል።

ሁለተኛው ምሳሌ «ጉራማይሌ» ነው። ቃሉ በመጀመሪያ አንዱ ጠቁሮ አንዱ ሳይጠቁር እየተፈራረቀ የተነቀሰን ድድ ይገልጻል፤ ዛሬ ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ ለሚቀላቅል ሰው ስድብ አድርገነዋል። እርሷ ግን ለዘፈን ርእስ አድርጋ አከበረችው። የተወለደችበት ቻግኒ አገውኛና አማርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩበት አገር ነው፤ አልበሙ ደግሞ የጎጃምን ድምፅ ከአሜሪካ ጃዝ ጋር ያገናኘ ነው። ድድ የምትነቀስ ሴት ቀለሙን ያፈራረቀችው ቀለም አልቆባት አይደለም፤ እንዲያምርላት ነው። ስሙ ይህን ያስታውሰናል።

ሦስተኛው «አባይ» ነው። ይህ ዘፈን በ2001 ሲወጣ ወንዙን ዘመን እንደማያስረጀው ውበት እያወደሰ፣ ለሩቁ በረሃ ሲሳይ መሆኑን ይናገር ነበር። ያን ጊዜ የሰማ ኢትዮጵያዊ በውዳሴው ውስጥ ቁጭት ይሰማው ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ከዚያ ወዲህ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከቃሉ አንድም አልተለወጠም፤ ዛሬ የሚሰማው ሰው ግን የሚቆጭበትን ያህል የሚጠይቅበትም ሆኗል፤ የበረሃው ሰው ሲሳይ የሆነውን ወንዝ እንዴት አብረን እንጠጣው ይላል። አንድ ዘፈን የወጣበትን ዓመት ጽፎ ማዳመጥ ስለምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም።

«ዓድዋ»ም እንዲሁ ነው። የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል ሲነሣ ብዙዎቻችን ፉከራና ቀረርቶ እንጠብቃለን። በዚህ ዘፈን ግን ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ከድሉ አስቀድማ የምትናገረው ስለ ሰው ክብርና ሌሎች ከፍለው ለእርሷ ስላቆዩት ሕይወት ነው። በታክሲ ውስጥ ስንሰማው የበዓል ዘፈን ይመስለን ነበር፤ ቃሉን በደብተር ስንጽፈው የባለዕዳ ምስጋና ሆኖ አገኘነው።

ደብተር የማይፈታውን ጎረቤት ይፈታዋል። «ዞማዬ» የሚለው ርእስ ላይ ስንደርስ አራታችንም ትርጓሜውን በግምት ጻፍን። ኮዬ ፈጬ የሚኖረው ሕዝብ ከልዩ ልዩ ሠፈርና ከልዩ ልዩ አገር የተሰባሰበ ነውና፣ በአንዳችን ደረጃ ላይ ከጎጃም የመጡ አንዲት እናት አሉ። ብንጠይቃቸው ሳቁ። «ልጆቼ፣ ዞማ እኮ ጠጉር ነው፤ ለስላሳና ረዥም ጠጉር። እንዲህ ያለው ያላት ልጅ በስሟ አትጠራም፤ ዞማዬ ትባላለች» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የከበደን ቃል ሁሉ ወደ እርሳቸው ደጅ ይወጣል። እርሳቸውም በፈንታቸው ማታ ማታ «የዛሬው የትኛው ነው?» ማለት ጀምረዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች ቀርበውልናል። አንዱ፣ ዘፈን ለደስታ ነው፤ ብትበልቱት ይሞታል የሚል ነው። ይህን የሚሉ ወዳጆቻችን ቡናን ያስቡ። ቡና በአቦል፣ በቶናና በበረካ ስለሚጠጣ ጣዕሙን ያጣ የለም፤ ቁጭ ብሎ መጠጣቱ ጨዋታውን አመጣለት እንጂ። ከሰማናቸው ዘፈኖች መካከል ቃሉን ስላወቅነው የተጠላብን አንድም የለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው። የ2001 አልበም ሲወጣ፣ ሙዚቃችንን አፈረንጀችው የሚል ክርክር በአገር ቤት ተነሥቶ ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚሉ አሉ። የእኛ መልስ፣ አልበምን በጅምላ መፍረድ አይገባም የሚል ነው። ለዚህም ጥሩ መፈተኛ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ላስዌል የዚሁ አልበም ዘፈኖች ድምፅዋን በብዙው ቀንሶ፣ መሣሪያውን አስፍቶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ስም እንደገና አውጥቷቸዋል። አንድ ቀን የመጀመሪያውን፣ በማግሥቱ ይህንን የሰማ ሰው ድምፅዋ ሲጎድል ምን እንደሚጎድል በጆሮው ይመረምራል። እኛ የተረዳነው፣ መሣሪያዎቹ ብዙ አገር ሲዞሩ፣ የዘፈኑን አገር የያዘው ድምፅዋ መሆኑን ነው። አንባቢ ሌላ ፍርድ ቢሰጥ አንከፋም፤ አዳምጦ ይፍረድ።

ልማዱ በአንዲት ዘፋኝ የሚወሰን አይደለም። ቴዎድሮስ ካሣሁንን የሚወድ እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው «አቡጊዳ» ጀምሮ በ2017 እስከ ወጣው «ኢትዮጵያ» ድረስ በቀን አንድ እያለ ሊሄድ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ እንምከር። የአብዛኛው ዘፈናችን ግጥም በመጽሐፍ ታትሞ አይገኝም፤ በድምፅና በሰሚው አእምሮ ብቻ ይኖራል። በየስልኩ ተጽፎ የሚገኘውም ስሕተት የበዛበት ነው። ስለዚህ ደብተሩ የሚጻፈው ለራስ ብቻ እንዳልሆነ ማሰብ ያሻል። ስንኙን በአንድ ገጽ፣ ያልገባውን ቃል በትይዩ ገጽ ጻፉ፤ የዘፈኑን ዓመት ከላይ አስፍሩ። ለመምህር ከማሳየታችሁም በፊት በቤታችሁ ወይም በደረጃችሁ ላይ በዕድሜ ለሚበልጧችሁ ሰው አንብቡላቸው፤ እርሳሱን ግን ከእጃችሁ አታኑሩ፤ የሚታረም አይጠፋምና።