የመርቲ ድልህ ለምን አይበላሽም?

ለማስተማር ልምምድ መቂ በሄድንበት ጊዜ አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ የአባቴ ቲማቲም ገበያ ሲያጣ በሳምንት ይበሰብሳል፤ የቆርቆሮው መርቲ ግን ለምን ዓመት ይቆያል?» አለን። እኛም «መድኃኒት ስለሚጨመርበት ነው» ብለን አለፍነው። ተሳስተን ነበር።

መርቲ በመጀመሪያ የቦታ ስም ነው፤ ከአዳማ በስተምሥራቅ፣ በአርሲ የሚገኝ ወረዳ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአዋሽ ውኃ በበጋም እየተመጠነ ስለሚለቀቅ ከግድቡ በታች የመስኖ እርሻ ተስፋፋ። በደርግ ዘመን የላይኛው አዋሽ የመንግሥት እርሻዎች ምርት የሚቀነባበርበት ፋብሪካ በመርቲ ተቋቋመ፤ ማርማላታና የቲማቲም ድልህ አወጣ። ከጣሊያንኛ በመጣው ቃል «ሳልሳ» የምንለው መሆኑ ነው። ቲማቲም ሲወደድ አንድ ማንኪያ ድልህ ወጡን ያቀላል፣ ያወፍራል፣ ለመኮሮኒውም ጣዕም ይሰጣል። ለላጤማ ባለውለታ ነው!

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ከ100 ግራም ቲማቲም 95 ግራም ያህሉ ውኃ ነው። ቲማቲሙ ታጥቦ ይፈጫል፤ ልጣጩና ዘሩ ይጠለላል፤ ከዚያ ውኃው በሙቀት ይተናል። አንድ ኪሎ ወፍራም ድልህ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቲማቲም ይፈጃል። ድልሁ በሙቀት ታክሞ በቆርቆሮ ይታሸጋል። ሙቀቱ የሚያበላሹትን ተህዋስያን ይገድላል፤ እሽጉ ሌላ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የቲማቲሙ የራሱ አሲድም አደገኞቹ እንዳይራቡ ያደርጋል። ጨው ቢጨመርም ዋናው ምሥጢር ይኸው ነው። እሽጉ ከተከፈተ ግን ጥበቃው አበቃ፤ ሻጋታ ይይዘዋል። ሳይከፈት ያበጠ ቆርቆሮማ ጨርሶ አይበላም።

ዘዴውን ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር በ1810 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ። ምግቡ ለምን እንደማይበላሽ ግን እሱም አላወቀም፤ ሉዊ ፓስተር የተህዋስያንን ሥራ ያስረዳው ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አፔር እንኳ ያላወቀውን እኛ «አናውቅም፣ አጥንተን እንመለሳለን» ብንል ምን ነበረበት? ልጁ የጠየቀው ለፈተና አይደለም፤ የአባቱ ድካም ሲበሰብስ እያየ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ ወደዚያው ክፍል እንመለሳለን። አንድ ኪሎ ቲማቲም፣ ሚዛንና የከሰል ምድጃ ይዘን እንሄዳለን። ከሁሉ አስቀድመን ግን ስሕተታችንን በልጁና በጓደኞቹ ፊት እናርማለን።