ተረትና እውነታ፦ «በቀትር ፎቶ አይነሳም»

በቀትር ፎቶ አታንሳ፤ ዋናውን ነገር መሃል አታስቀምጥ፤ ቀይ የአደጋ ቀለም ነው። ካሜራ ለያዘ ጀማሪ ሁሉ የሚታደሉት እነዚህ ምክሮች ከልምድ የተቀዱ ናቸውና ፈጽሞ ሐሰት አይደሉም። ተረት የሚሆኑት ብርሃን፣ ቦታና ቀለም የትም ቢውሉ የማይለወጥ ትርጉም እንዳላቸው ተደርገው ሲወሰዱ ነው። ቀትርን እንይ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ ብዙ ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ አናት ትቀርባለች። በዚህ ሰዓት የተነሳ ሰው ዓይኑ በቅንድቡ ጥላ ይዋጣል፤ ምክሩ ለፊት ይሠራል። ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ በሚገኘው ዞማ ሙዚየም ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ይህ ሙዚየም የጭቃ ግድግዳዎቹ ጎበጥ ሰርጎድ ባለ ጌጥ የተሞሉ ናቸው። ከአናት የሚመጣ ብርሃን የግድግዳውን ገጽ ታክኮ ስለሚወርድ ለእያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ያበጅለታል። ፊት ለፊት የሚያርፍበት ለስላሳ የማለዳ ብርሃን ያንኑ ጌጥ ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

የአቀማመጥ ትርጉም ደግሞ ተመልካቹ ቀድሞ ካያቸው ምስሎች ጋር ይለዋወጣል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ታዲያ ጎን የክፋት ምልክት ነው? ፓሪስ በተቀረጸው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው የሚታዩት በጎን ነው፤ ክብራቸውን ለማሳየት። ያው አገር፣ ያው አቀማመጥ፣ ተቃራኒ ትርጉም። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ ፊታቸው ቀለም የተቀባ ሴቶችን ደጋግማ መሃል፣ ፊት ለፊት ታቆማለች፤ ቀይዋም ከአደጋ ይልቅ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳን ያስታውሳል። ይህን ጀማሪነት የሚል የለም። መሃልን የሚሸሸው «የሲሶ ሕግ» (ዋናውን ነገር ምስሉን ከሦስት በሚከፍሉት መስመሮች ላይ አስቀምጥ የሚለው) ራሱ ይህን ስም ያገኘው የፎቶ ካሜራ ሳይኖር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1797 እንግሊዛዊው ጆን ቶማስ ስሚዝ ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ሲጽፍ።

«ሁሉም እንደ አገባቡ ከሆነ ምን እንማራለን?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ከጨለማ መሃል የፈካ ነገር፣ ከብዥታ መሃል የጠራ ፊት የማንንም ዓይን ይጠራል። መሳብ ግን መተርጎም አይደለም። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አልፍሬድ ያርቡስ አንድን የኢልያ ሬፒን ሥዕል ለአንድ ተመልካች እያሳየ ጥያቄውን ሲቀያይር፣ የዓይኑ ጉዞም አብሮ ተቀያይሯል። ስለ ዕድሜ ሲጠየቅ ፊቶችን፣ ስለ ሀብት ሲጠየቅ ልብስና ዕቃውን ፈለገ። የአዲስ አበባ የግንባታ ፎቶም «ልማት» በሚል መግለጫና «መፈናቀል» በሚል መግለጫ ሲቀርብ ዓይናችን የሚፈትሸው ጥግ ለየቅል ነው። ክሬኑን መሃል ያደረገ ፎቶ አንሺ ለመጀመሪያው አግዟል፤ ጥግ ላይ ያለውን የቆርቆሮ ጣሪያ ሳይቆርጥ የተወው ደግሞ ሁለተኛውንም ጥያቄ ክፍት አድርጎታል።