«በነፃ» የታደለው ጨዋታ ዋጋው በማን ይከፈላል?

ጨዋታ ከሥራ በተረፈ ሰዓት የሚደረግ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። ሕፃን ልጅ የኅብረተሰቡን ደንብ፣ ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍንና ተሸንፎ እንደገና መነሣትን በመጀመሪያ የሚማረው ከጨዋታ ነው። እረኞች መሬት ምሰው፣ ጠጠር ቆጥረው ገበጣ ሲጫወቱ መሣሪያውም፣ ሕጉም፣ ውጤቱም በሁለቱ ተጫዋቾች ዓይን ፊት ነው። በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር እንዳለ የፈለገ ይቆጥራል። ጉድጓዱን የማሰው ልጅ በጨዋታው መካከል ተነሥቶ «ማሸነፍ ከፈለግህ ተጨማሪ ጠጠር ከእኔ ግዛ» አይልም፤ ቢል ጨዋታው እዚያው ይፈርሳል።

ዛሬ በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ ልጆች በእጅ ስልክ ላይ አጎንብሰው የሚጫወቱት ጨዋታ ከዚህ በባሕርዩ የተለየ ነው። ፐብጂ ሞባይልን፣ ፍሪ ፋየርን ወይም ካንዲ ክራሽን ከስልኩ ገበያ ለማውረድ አንድ ሳንቲም አይጠየቅም። ስሙም «ነፃ» ነው። የእኛ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህችው ቃል ነው። ለመሆኑ በነፃ የሚያድል ነጋዴ በምን ይበለጽጋል?

አሠራሩ ረጅም ዕድሜ የለውም። አፕል ኩባንያ በስልክ ፕሮግራም ውስጥ መሸጥን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ፈቃዱ በመጀመሪያ የተሰጠው በክፍያ ለሚወርዱ ፕሮግራሞች ብቻ ነበር፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ለነፃዎቹም ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የንግዱ ሥርዓት ተገለበጠ። ቀድሞ የሚሸጠው ያለቀለት ጨዋታ ስለነበረ ነጋዴው ጨዋታውን አስደሳች ለማድረግ ይጥር ነበር። አሁን ግን ጨዋታው ሸቀጥ መሆኑ ቀርቶ ሱቅ ሆነ። በሱቁ ውስጥ እንቅፋት ሆን ተብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ እንቅፋቱን ማንሻው ይሸጣል። በካንዲ ክራሽ አምስት ጊዜ የተሸነፈ ተጫዋች «ሕይወቱ» ያልቃል፤ አንዲቱ ሕይወት እስክትመለስ 30 ደቂቃ ይጠብቃል፣ አለዚያም ይከፍላል።

ይህን የ30 ደቂቃ ጥበቃ ማን ወለደው? በፋግታ ለኮማና በባንጃ ወረዳዎች ዲከረንስ የሚተክል ገበሬ ዛፉ ለከሰል እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ይጠብቃል። ያ ጥበቃ የዛፉ ነው፤ ማንም አልፈበረከውም፤ በጥበቃውም ፍጻሜ ላይ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚደረደር የከሰል ጆንያ አለ። የስልኩ ጨዋታ ጥበቃ ግን ለመሸጥ ተብሎ የተሠራ ጥበቃ ነው። ሸቀጡ ትዕግሥት ማጣት ነው፤ ገዢውም ትዕግሥት ገና ያልበሰለለት ልጅ ነው። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ እንጂ በገንዘቡ ማነስና መብዛት ላይ አይደለም።

ሌላው ዘዴ ገንዘብን ከገንዘብነቱ ማራቅ ነው። ልጁ በብር አይገዛም። በፐብጂ «ዩሲ»፣ በፍሪ ፋየር «አልማዝ» በሚባል መገበያያ ይገዛል። ብሩ ወደ ዶላር፣ ዶላሩ ወደ ዩሲ፣ ዩሲው ወደ ጠመንጃ ቀለም ይመነዘራል። ሦስተኛው ምንዛሪ ላይ የደረሰ ልጅ አባቱ በስንት ቀን ድካም ያገኘውን ብር እንዳጠፋ የሚያሰላበት መንገድ ተቆርጦበታል። 60 ዩሲ የሚሸጠው በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ይህ በባንክ ዋጋ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የጨዋታው መስኮት ግን ዛሬም «60 ዩሲ» ነው የሚለው። በነዚህ ገበያዎች የተለመደው ትልቁ ጥቅል 99 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሲሆን፣ በብር ሲታሰብ ከዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ በእጅጉ ይበልጣል። ደግሞም የዕቃው ዋጋና የጥቅሉ መጠን ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም፤ ጥቂት ዩሲ ይተርፋል፤ ትራፊው እንዳይባክን ሌላ ጥቅል ይገዛል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣኖች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ባወጡት መመሪያ ዋጋው በእውነተኛ ገንዘብ እንዲጻፍና ሸማቹ የማይፈልገውን መጠን እንዲገዛ እንዳይገደድ የጠየቁት ይህንኑ አይተው ነው።

«የዳንግላ ልጅ በዶላር የሚከፍልበት ካርድ ከየት አምጥቶ? ነገሩ እኛን አይመለከተንም» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር የካርዱን አለመኖር እንጂ የመንገዱን መኖር አላየም። በቴሌግራም ዩሲና አልማዝ የሚቸረችሩ አሻሻጮች አሉ። ልጁ የተጫዋችነት መለያ ቁጥሩን ይልካል፤ ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ያስገባል፤ አሻሻጩ በውጭ ባለው መንገድ ይሞላለታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአባት ስልክ የአባት ቦርሳ ሆኗል። ፊደል ባልቆጠረ አባት ቤት ውስጥ ደግሞ መልእክት የሚያነበው፣ ብር የሚልከው፣ የምሥጢር ቁጥሩንም የሚያውቀው ልጁ ነው። የቤቱ ገንዘብ ያዥ የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ በዚያው ስልክ ላይ በሥነ ልቡና ጥናት የተቀመመ ሱቅ ተከፍቶለታል ማለት ነው።

በባለጸጎቹ አገሮች ይህ ጉዳይ ክስ አስነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 አንዲት የ8 ዓመት አሜሪካዊት ሕፃን «ስመርፍስ ቪሌጅ» በሚባለው ነፃ ጨዋታ ውስጥ 1,400 ዶላር አጥፍታ መገኘቷ ብዙ ተጽፎበታል። በ2014 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ልጆች ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ ለገዙት አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን፣ ጎግል ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልሱ አስማማ። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ፣ ተጫዋቾችን በአዘናጊ የአዝራር አቀማመጥ ያልፈለጉትን አስገዝቷል በመባሉ 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ወላጆቹ ቅሬታ የሚያቀርቡበት በር፣ የሚያሳዩት ደረሰኝ፣ የሚዘጉበት ቁልፍ ነበራቸው። የዳንግላው አባት ግን ከሦስቱ አንዱም የለውም። ልጁ የገዛው በአሻሻጭ በኩል ስለሆነ ግዢው በእርሱ ስልክ የገበያ መዝገብ ላይ አይታይም፤ መዝገብ ላይ የሌለ ግዢም አይመለስም። ኩባንያዎቹ በክስ ተገደው የሠሩት አጥር የቆመው በዋናው በር ላይ ነው፤ የእኛ ልጅ የሚገባው በጓሮ ነው።

የኩባንያዎቹ ጠበቆች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ችላ የሚባል አይደለም። ከመቶ ተጫዋች ጥቂቱ ብቻ እንደሚከፍል፣ ብዙኃኑ በእነርሱ ወጪ በነፃ እንደሚጫወት፣ ድኻው ልጅም ከሀብታሙ ልጅ ጋር በአንድ ሜዳ እንደሚሰለፍ ይነግሩናል። የመጨረሻው ነጥብ እውነትነት አለው፤ የ60 ዶላር ጨዋታ የማይገዛ ልጅ ያንኑ ደስታ በስልክ ማግኘቱን አንክድም። ይሁን እንጂ ብዙ የሚከፍሉትን ጥቂቶች ንግዱ በራሱ ቋንቋ «ዓሣ ነባሪ» ይላቸዋል። ገዢን በሚታደን አውሬ ስም የሚጠራ ንግድ ስለ ገዢው ያለውን አሳብ በዚሁ አሳውቋል። ከእነዚህም መካከል ባለጠጋው ብቻ ሳይሆን ራሱን መግታት ያቃተው ሰው አለ። የማይከፍለውስ? እርሱም ማስታወቂያ ያያል፤ ማስታወቂያውን የሚያወርደው በብር በተገዛ የኢንተርኔት ጥቅል ነው። በ2016 ዓ.ም. ወጣቱ ቀንና ሌሊት መስኮት ሲነካካበት የከረመው ሐምስተር ኮምባት የዚሁ ሌላ ገጽ ነበር። በዓለም ዙሪያ 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለኝ ይል የነበረው ይህ ጨዋታ መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ድርሻ ሲያከፋፍል ከግማሽ የሚበልጡት ምንም አልደረሳቸውም፤ የደረሳቸውም አብዛኞቹ ለአንድ ቀን ምሳ የማይበቃ አገኙ። የጣት ጉልበት ምን ያህል እንደሚያወጣ ወጣቱ የተማረው ያን ጊዜ ነው።

በፐብጂ የሚሸጠው አብዛኛው ጌጥ እንጂ ኃይል አይደለም፤ ስለዚህ ጉዳት የለውም የሚሉም አልጠፉም። ጌጥ መግዛት ነውር አይደለም። የአዊ ሕዝብ ይህን ከማንም በተሻለ ያውቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ሲያከብር የፈረሱ ግላስ፣ ልጓሙና እርካቡ የሚያፈዝዝ ነው፤ ባለፈረሱም ለመታየት ብሎ እንዳወጣበት አይሰውርም። ነገር ግን አውጪው ዋጋውን በብር የሚያውቅ ጎልማሳ ነው። ኮርቻው የራሱ ነው፤ ለልጁ ያወርሰዋል፣ ሲቸግረው ይሸጠዋል። በጉግስ ሜዳም የተሸለመ ኮርቻ ከሚወረወር ዘንግ አያድንም። የስልኩ ጌጥ ግን ገዢው «የእኔ» ብሎ ቢጠራውም በውሉ መሠረት የኩባንያው ነው፤ መሸጥ ክልክል ነው፣ ኩባንያው ጨዋታውን የዘጋ ዕለትም አብሮ ይጠፋል። የካሊፎርኒያ ግዛት ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጮች በዲጂታል ሸቀጥ ላይ «ግዛ» ሲሉ፣ የሚሰጡት የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አለመሆኑን እንዲገልጹ በሕግ ያስገደደችው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው የዕድል ሣጥኑ ነው። ልጁ የሚፈልገውን ጌጥ ለይቶ አይገዛም፤ በውስጡ ምን እንዳለ የማያውቀውን ሣጥን ይከፍታል፤ ካልወጣለት ይደግማል። ይህ ስሙን የለወጠ ቁማር ነው። ጃፓን የዚህን አንድ ዓይነት፣ «ኮምፕ ጋቻ» የሚባለውን፣ በ2012 ከለከለች፤ የቤልጅግ የቁማር ኮሚሽን በ2018 በአንዳንድ ታዋቂ ጨዋታዎች ውስጥ ያሉት ሣጥኖች ቁማር ናቸው ሲል ወሰነ። ቻይና በ2019 ባወጣችው ደንብ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጨዋታ ውስጥ ምንም እንዳይከፍሉ፣ ከ8 እስከ 16 ያሉት በወር ከ200 ዩዋን እንዳያልፉ ወሰነች።

በአገራችን ለዚህ የተለየ ሕግ ባይኖርም እጃችን ባዶ አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ አካለ መጠን እንዳላደረሰ ቆጥሮ ንብረቱንና ሕጋዊ ተግባሩን በአሳዳሪና በሞግዚት እጅ ያኖራል። ላም ገዝቶ ውል እንዳይፈርም የሚጠበቅ ልጅ በጣቱ ጫፍ የዶላር ውል ሲፈራረም ዝም ማለት የሕጉን መንፈስ መዘንጋት ነው። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስን የመሰሉ የጨዋታ ሠሪዎች ተነሥተዋል፤ ከአባራሪዋ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበት «ኩኩሉ» የእነርሱ ሥራ ነው። እነርሱና ተከታዮቻቸው ገበያውን ገና በሚጀምሩበት ሰዓት ዋጋቸውን አስቀድመው በብር ቢጽፉና የዕድል ሣጥንን ቢተዉ የውጭውን ስሕተት ከመውረስ ይድናሉ።

ለጊዜው ግን የጓሮው በር ላይ ያለው አሻሻጭ ነው። የገዢውን ዕድሜ መጠየቅ፣ ደረሰኝ መስጠት፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ የተላከን ገንዘብ መመለስ የማንም ቸርቻሪ ግዴታ ሊሆን የሚገባው ነው፤ የዩሲ ቸርቻሪም ከከሰል ነጋዴው በምን ይለያል? በሰው አገር ያሉትን ኩባንያዎች ከእንጅባራ ሆኖ መክሰስ ይከብድ ይሆናል። አሻሻጩን ለማግኘት ግን ብዙ ድካም አያስፈልግም፤ የቴሌብር ቁጥሩን ራሱ በማስታወቂያው ላይ ጽፎታል።